«ሁሉም እንደ እኔ ይናገራሉ»፦ ስለ ገጸ ባሕርያት ድምፅ ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ጥያቄዎች ከልቦለድ ጸሐፊዎች፣ ከመድረክ ተዋንያንና ድምፃቸውን ብቻ ይዘው ከሚሠሩ ተራኪዎች የደረሱን ናቸው። የጠያቂዎቹ ሙያ ቢለያይም ጭንቀታቸው አንድ ነው፤ ሁሉም የሚሹት ከእነርሱ አንደበት የሚወጣ፣ ነገር ግን የሌላ ሰው የሆነ ድምፅ ነው። ስለዚህ በአንድነት ልንመልሳቸው መርጠናል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ረጅም ልቦለዴን በመጻፍ ላይ እገኛለሁ። ረቂቁን ያነበበች ጓደኛዬ ታሪኩን ወድዳዋለች፤ ነገር ግን የተናጋሪዎቹን ስም በእጇ እየሸፈነች ስታነብ ማን ምን እንዳለ መለየት እንዳልቻለች ነገረችኝ። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ዕድሜውን፣ ትምህርቱን፣ የልጅነት ቁስሉን፣ የሚወደውን ቀለም ሳይቀር የያዘ አንድ አንድ ገጽ አዘጋጅቼ ነበር። ይህ ሁሉ ዝግጅት በንግግራቸው ላይ ያልታየው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ስሞቹን ሸፍና ማንበቧ ትልቅ ውለታ ነው፤ ብዙ ጸሐፊ ይህን የሚነግረው ሰው አያገኝም። ያዘጋጁት የማንነት ገጽም ከንቱ ድካም አልነበረም። ችግሩ ገጹ ሰውየውን የሚገልጸው ብቻውን እንደቆመ አድርጎ መሆኑ ነው። ብቻውን የቆመ ሰው ደግሞ ድምፅ የለውም። አንድ ሰው ጠዋት ከአለቃው፣ ቀትር ላይ ገንዘብ ካበደረው ሰው፣ ማታ ከታናሽ እህቱ ጋር ሲነጋገር ብንሰማው ሦስት ሰው የሰማን ሊመስለን ይችላል። ስለዚህ «ይህ ሰው እንዴት ይናገራል?» የሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥዎትም። «ይህ ሰው ከዚህ ሰው ምን ይፈልጋል? የፈለገውን በግልጽ እንዳይጠይቅስ ምን ያዘው?» ብለው ሲጠይቁ ግን ቃላቱ ራሳቸው መምጣት ይጀምራሉ። በእኔ እምነት የገጸ ባሕርይ ድምፅ የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ማለትም በሚፈልገውና እንዳይናገረው በሚከለክለው ነገር መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንመልከት። በሌላ ከተማ የሚኖር ወጣት አለ፤ አባቱ ታሟል፤ ሦስት ሰዎች ስለዚሁ አንድ ጉዳይ በየተራ ይደውሉለታል።

እህቱ፦ «ስልክህን ለምን ዘጋኸው? ለነገሩ ምንም አይደለም። አባባ ትንሽ ደክሞታል፤ ትንሽ ነው። ግን… ብትመጣ።»

ጎረቤቱ፦ «እኔስ ባልደውል ደስ ባለኝ፤ ኋላ ለምን አልነገርከኝም ብለህ እንዳትቀየመኝ ብዬ ነው። አባትህን ትናንት ሌሊት ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ያደረስኳቸውም እኔ ነኝ፤ በእኔ መኪና።»

አባቱ፦ «ደህና ነኝ። እነሱ ናቸው የሚያጋንኑት። ሥራህን ትተህ እንዳትመጣ። … መቼ እመጣለሁ ነበር ግን ያልከው?»

ከሦስቱ አንዳቸውም ስለ ባሕርያቸው የነገሩን ነገር የለም፤ ሆኖም ስማቸው ቢሸፈን እንለያቸዋለን። እህቲቱ ፍርሃቷን በቁጣ ትጀምረውና ወዲያው «ለነገሩ» ብላ ታጥፈዋለች። «ትንሽ» የሚለውን ቃል ደግማ መናገሯ ሕመሙ ትንሽ አለመሆኑን ያሳብቃል፤ «ብትመጣ» ብላ ሳትጨርሰው የተወችው ዐረፍተ ነገርም ወንድሟን ለማዘዝ የማይዳዳት ታናሽ መሆኗን ያሳያል። ጎረቤቱ «አደረስናቸው» ብሎ በብዙ ቁጥር ከጀመረ በኋላ አላስቻለውምና «እኔ ነኝ» ይላል፤ የሚፈልገው ምስጋና ነው፤ ምስጋናን በግልጽ መጠየቅ ደግሞ ነውር ይሆንበታል። አባትየው ልጁ እንዲመጣ ከሁሉም በላይ የሚፈልገው እሱ ነው፤ ክብሩ ግን አላስጠይቅ ብሎታል። ስለዚህም ፍላጎቱ ያመለጠችው በመጨረሻዋ ጥያቄ መካከል በተሸጎጠችው «ግን» በኩል ነው። ልብ ካሉት ደግሞ ልጅቱ ስለ አባቷ «ደክሞታል» ስትል ጎረቤቱ «አደረስናቸው» ይላል። ማን ለሰውየው ቅርብ እንደሆነ፣ ማን በአክብሮት ርቆ እንደቆመ የነገረን የቃላቱ መድረሻ ብቻ ነው።

ብዙ ጸሐፊዎች ድምፅን የሚፈልጉት በትልልቅ ቃላት ውስጥ ነው፤ ለአንዱ ተረትና ምሳሌ፣ ለሌላው የሙያ ቃል ያድሉታል። ድምፅ የሚያድረው ግን አብዛኛውን ጊዜ በትንንሾቹ ውስጥ ነው። ጆን በሮውስ የተባለ አውስትራሊያዊ የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናቱ የጄን ኦስተንን ልቦለዶች ወስዶ ገጸ ባሕርያቱ በሚናገሩት ውስጥ እጅግ የተለመዱትን 30 ያህል ቃላት በኮምፒውተር ቆጥሮ ነበር። እነዚህ አንባቢ ሳያያቸው የሚያልፋቸው አያያዦች፣ ተውላጠ ስሞችና መስተዋድዶች ናቸው። የቆጠራው ውጤት እንዳሳየው የቃላቱ ድግግሞሽ ከገጸ ባሕርይ ገጸ ባሕርይ በግልጽ ይለያያል። ደራሲዋ ቆጥራ እንዳልጻፈች ማንም ያውቃል፤ ሰዎቿን ስለሰማቻቸው ነው እንጂ። በእኛ ቋንቋ እነዚህ ቃላት «እኮ»፣ «ታዲያ»፣ «መቼም»፣ «እንግዲህ»፣ «ለነገሩ»፣ «ማለቴ»፣ «ብቻ»፣ «ኧረ» የመሳሰሉት ናቸው። «እኮ» የሚያበዛ ሰው ዘወትር አልታመንም ብሎ የሚሟገት ሰው ነው፤ «መቼም» የሚል ሰው ነገሩን አስቀድሞ ተቀብሎታል፤ «ብቻ» ብሎ ወሬ የሚቆርጥ ሰው ከተናገረው ይልቅ ያልተናገረው ይበዛል። ለአንድ ገጸ ባሕርይ ከእነዚህ አንዷን በትክክል ማግኘት አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ ከማዘጋጀት የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

አማርኛ ለጸሐፊው የሚሰጣቸው ሌሎች ሁለት መሣሪያዎችም አሉ። የመጀመሪያው ማንም ሰው ግንኙነቱን ሳይገልጥ አንዲት ትእዛዝ እንኳ መስጠት አለመቻሉ ነው። «ና» ወይም «ነይ» ወይም «ይምጡ» ማለት ግድ ነው፤ ከእነዚህ አንዱን የመረጠ ሰው ራሱን ከአድማጩ በላይ፣ እኩል ወይም በታች አስቀምጧል። እንግዲህ ሃያ ገጽ ሙሉ «እርስዎ» ሲባባሉ የቆዩ ሁለት ሰዎች በጠብ መካከል አንደኛው «አንተ» ቢል፣ ያች አንዲት ቃል ጠረጴዛ ከመምታት የበለጠ ድምፅ አላት። ሁለተኛው መሣሪያ ግሳችን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። «ያን ገንዘብ እኔ ከወንድሜ…» ብሎ ያቆመ ሰው ተበደርኩት ሊል ይሁን ሰረቅኩት ሊል አናውቅም፤ የዋጠው ድርጊቱን ራሱን ነው። ይህን መሣሪያ ለሁሉም ገጸ ባሕርያት ካደሉት ጥቅሙ ይጠፋል። ግሱን የሚውጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ በተቃራኒው የጀመረውን ሁሉ እስከ መጨረሻው የሚጨርስ፣ ሌላው ሲያቋርጠው እንኳ ተመልሶ ግሱን የሚያስቀምጥ ሰው በአጠገቡ ያኑሩለት።

አሁን ወደ ረቂቅዎ ተመልሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማስተካከል አይሞክሩ። አንድ ገጸ ባሕርይ ይምረጡና አንድ ጥያቄ፣ ለምሳሌ «ይህን ዕቃ አስቀምጥልኝ» የሚለውን፣ በመጽሐፉ ውስጥ ላሉ ሦስት የተለያዩ ሰዎች እንዲያቀርብ ያድርጉት። የጻፉትን ጮክ ብለው ያንብቡ። ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ድምፅ ከሰማንያኛው ገጽ በኋላ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የቀደሙትን ገጾች እንደገና መጻፍ ግድ ይላል፤ ይህም ውድቀት ሳይሆን የሥራው ተፈጥሮ ነው።

ጥያቄ፦ ከገጸ ባሕርያቴ አንዱ የአካባቢው አነጋገር ከመደበኛው የጽሑፍ ቋንቋ በጣም የተለየ ነው። ቃላቱን እሱ እንደሚጠራቸው አድርጌ ስጽፋቸው አንባቢዎች ማንበብ አስቸገረን ይሉኛል፤ አስተካክዬ ስጽፋቸው ደግሞ ሰውየው ይጠፋብኛል። መካከለኛው መንገድ የትኛው ነው?

መልስ፦ አነጋገሩን በፊደል አጻጻፍ ሳይሆን በዐረፍተ ነገሩ አካሄድና በጥቂት ቃላት ይያዙት። አንድ ሰው የራሱን አነጋገር እንደ ልዩ አነጋገር አይሰማውም፤ ልዩ የሚሆነው ለሌላው ጆሮ ነው። እያንዳንዱን ቃል አጣመው ሲጽፉ ሰውየውን በእንግዳ ጆሮ እየሰሙት ነው፤ አንባቢውም ከእርስዎ ጋር ራቅ ብሎ ቆሞ ይመለከተዋል። ይህ ደግሞ በተለይ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ሁሉ በንጹሕ የጽሑፍ ቋንቋ እየተናገሩ እሱ ብቻ «የተሳሳተ» እንዲመስል ሲደረግ ንቀት ይሆናል፤ ሳይታሰብ የሚመጣ ንቀትም ቢሆን ንቀት ነው። ያ አካባቢ ብቻ ያለው ሁለት ወይም ሦስት ቃል፣ የሚያዘወትረው የመሐላ ወይም የምርቃት ቃል፣ ነገርን ከሩቅ አንሥቶ ወደ ቅርብ የሚያመጣበት ቅደም ተከተል ይበቃል። አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ በኋላ የቀረውን በራሱ ጆሮ ይሞላዋል።

በየገጹ የምትደጋገም አንዲት የንግግር ልማድን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ሰውየውን ከማስታወስ በላይ ሥራ ከሌላት ጌጥ ናት፤ ቢያወጧት ይሻላል። የተለመደውን ቃሉን ሊናገር ሲገባው ያልተናገረበት አንድ ቦታ በታሪኩ ውስጥ ካለ ግን ይተዋት፤ ለዚያች ቅጽበት ታገለግላለች።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 26 ነው። በአንድ ተውኔት ላይ የሰባ ዓመት አዛውንት ሆኜ እንድጫወት ተመድቤአለሁ። ድምፄን አወፍሬና አሻክሬ ስለማመድ አዘጋጁ «ሽማግሌ አልሰማም፤ ድምፁን የሚያሻክር ወጣት ነው የምሰማው» ይለኛል። ከልምምድ በኋላም ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አስቀድሞ ስለ ጉሮሮዎ። በማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች በተለመደ ንግግር ጊዜ በአዋቂ ወንድ በአማካይ በሰከንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ፣ በሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። ድምፅን በኃይል ማሻከር ማለት እነዚህን ስሱ አካላት እርስ በርስ እያፋጩ ማናገር ነው፤ መከርከሩ ይህን ማድረግዎን የሚነግርዎት ምልክት ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ መለማመድዎን ዛሬውኑ ያቁሙ። ድምፅ ለማሳረፍ ብሎ ማንሾካሾክም አይረዳም፤ በተለይ ጫን ተብሎ ሲደረግ አካባቢውን ያጨናንቀዋል። ጸጥ ማለት ይሻላል። መጎርነኑ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ወደ ሥራው ስንመለስ፣ «የሽማግሌ ድምፅ ወፍራምና ሻካራ ነው» የሚለው ግምት ራሱ እውነት አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ የድምፅ አውታሮች ጡንቻ ይሳሳል፤ ከዚህም የተነሣ የብዙ አዛውንት ወንዶች ድምፅ ከመወፈር ይልቅ ወደ መቅጠን ያደላል፤ ወደ መወፈር የሚያዘነብለው የአሮጊቶች ድምፅ ነው። የሳንባ ጉልበትም ስለሚቀንስ ዐረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ አያልቅም። እንግዲህ አዛውንቱን ሊያገኙት የሚችሉት ከጉሮሮዎ ይልቅ በትንፋሽዎ ላይ ነው። ትንፋሹ የት ያልቅበታል? ያለቀበትን ቦታ ይደብቀዋል ወይስ በግልጽ ያርፋል? ትንፋሹ ከማለቁ በፊት የግድ ማድረስ የሚፈልገው የትኛውን ቃል ነው?

ከዓመታት በፊት እኔም እንደ እርስዎ በወጣትነቴ የአንድ አሮጌ ዘበኛ ሚና ይዤ ነበር። ድምፄን አጎርንኜ፣ ጀርባዬን አጉብጬ ሁለት ሳምንት ተለማመድኩ፤ የሚያምነኝ ግን አልነበረም። አንድ ቀን አዘጋጃችን ልምምዱን አቁሞ «የሚያመው የቱ ጋ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አላሰብኩበትም ነበር። «ቀኝ ጉልበቱን» አልኩት፤ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው መልስ ነበር። «እንግዲያው ተቀመጥና ተነሥ፤ እየተነሣህ ተናገር» አለኝ። በቀኝ ጉልበቴ ላይ ሸክሙን ላለመጣል በግራ እጄ ወንበሩን ተደግፌ ስነሣ ትንፋሼ ደረቴ ላይ ተያዘ፤ «ማነህ አንተ?» የምትለው የመጀመሪያዋ ቃሌ በሁለት ተቆርጣ ወጣች። «ማነህ» ወንበሩ ላይ ቀረች፤ «አንተ» ከቆምኩ በኋላ መጣች፤ በመካከል ሕመሙን ከመጣው ሰው ለመደበቅ የሞከርኩበት አጭር ጸጥታ ነበር። ድምፄ ያው የራሴ ድምፅ ነበር፤ አንዲት ቅንጣት አላወፈርኩትም። የሥራ ባልደረቦቼ ግን ያን ዕለት ዘበኛውን ሰሙት።

በቴአትር ትምህርት ስሙ ዘወትር የሚነሣው ሩሲያዊው አዘጋጅና ተዋናይ ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ፣ እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮን የሥነ ጥበብ ቴአትር ከባልደረባው ጋር የመሠረተው ሰው፣ በኋለኞቹ ዓመታት ያጠነከረው አሠራርም ወደዚህ ያመራል፤ ተዋናዩ ስሜቱን በቀጥታ ከማሳደድ ይልቅ አካላዊ ድርጊቱን በትክክል እንዲፈጽም ይጠይቃል። እርስዎም ለአዛውንቱ አንድ የሚያመው ቦታ፣ አንድ እንዲታይበት የማይፈልገው ድካም፣ አንድ አሁንም እንደ ወጣት የሚሠራለት ነገር ይፈልጉለት። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የሰባ ዓመት ሰው ሁለንተናው ሰባ ዓመት አይደለም፤ ምላሱ ወይም ዓይኑ የሠላሳ ዓመት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የተሰጠኝ ሚና በጣም ትንሽ ነው። በሙሉው ተውኔት ውስጥ የምናገረው ሦስት ጊዜ ሲሆን ሦስቱም ጊዜ «እሺ» ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ድምፅ መፈለግ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ እንዲያውም የቃላት ድጋፍ የሌለበት ስለሆነ ሥራው ንጹሕ ነው። የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣ ጽሑፉ ያሰፈረው አንድ ታሪክ ለእርስዎ የተጻፈ ይመስላል። በስታኒስላቭስኪ ቴአትር ይሠራ የነበረ አንድ ተዋናይ ለመግቢያ ፈተና በቀረበ ጊዜ «ዛሬ ማታ» የሚል ትርጉም ካለው ሐረግ ብቻ፣ አነጋገሩን በመለዋወጥ 40 የተለያዩ መልእክቶችን እንዲያስተላልፍ በዝነኛው አዘጋጅ ታዝዞ ነበር። በኋላም ለምርምር ሲባል ይህንኑ እንዲደግም ተጠየቀና 50 ያህል አድርጎ ተቀረጸ፤ ቅጂውን የሰሙ የሞስኮ ነዋሪዎችም አብዛኞቹን መልእክቶች በትክክል ለዩአቸው። ከታሪኩ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ ቁጥሩ ሳይሆን ተዋናዩ ሥራውን የጀመረበት መንገድ ነው። የድምፅ ዓይነቶችን አልዘረዘረም፤ አስቀድሞ የጻፈው ሐረጉ የሚነገርባቸውን ሁኔታዎች ነበር።

እርስዎም ሦስቱን «እሺ» በምን ቃና እንደሚሏቸው ገና አይወስኑ። ከእያንዳንዱ በፊት ምን እንደሰሙ፣ ያን ሲሰሙ ሊሉት የነበረው ሌላ ነገር ምን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ ይጻፉ። የመጀመሪያው «እሺ» ሳይሰማ የተባለ፣ ሁለተኛው ተሰምቶ የተባለ፣ ሦስተኛው ደግሞ «እምቢ» ለማለት ተዘጋጅቶ በመጨረሻው ቅጽበት የተለወጠ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ተመልካቹ ሦስት ቃል ሰምቶ የአንድ ሰው ሙሉ ታሪክ ይዞ ይወጣል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላንሣ። ብዙዎች ይህን ከቃል በስተጀርባ ያለ ትርጉም ከሰምና ወርቅ ጋር አንድ ያደርጉታል። ይመሳሰላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። ቅኔ የሚቀኝ ሰው ወርቁን ያውቀዋል፤ ሰሙንም ያለበሰው ሆን ብሎ ነው። «እሺ» የሚለው ሰው ግን ወርቁን ራሱም ላያውቀው ይችላል። ተዋናዩ ሊያውቅለት ይገባል፤ ገጸ ባሕርይው እንደሚያውቅ አድርጎ መጫወት ግን የለበትም።

ጥያቄ፦ ልቦለዶችን በድምፅ እየተረክሁ እቀርጻለሁ። አንድ መጽሐፍ ውስጥ እስከ አሥራ አምስት ሰው ይናገራል። ለእያንዳንዱ የተለየ ድምፅ ለመስጠት ስሞክር በመካከል እየቀላቀልኳቸው እቸገራለሁ፤ የራሴን ቅጂ ስሰማም ድምፄን እጠላዋለሁ።

መልስ፦ የመጨረሻውን አስቀድመን እንፍታው። ስንናገር የራሳችንን ድምፅ የምንሰማው በአየር በኩል ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ነው፤ አጥንት ደግሞ ወፍራሙን የድምፅ ክፍል ያጎላል። በቅጂው ላይ ያ ስለማይኖር ድምፅዎ ቀጥኖና ባዕድ ሆኖ ይሰማዎታል። ሌላው ሰው ግን ዘወትር የሚያውቀው ያንኑ በቅጂው ያለውን ድምፅ ነው። ጥቂት ሳምንት በተከታታይ ካዳመጡት ይለምዱታል።

አሥራ አምስት ድምፅ ግን አይፍጠሩ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ልቦለድ ሲተርክ የሰማ ሰው የሚያስታውሰው የድምፅ ለውጥ ጨዋታን አይደለም፤ አንድ ሰው ሲያነብ ብዙ ሰው በቤቱ ውስጥ መቆሙን ነው። የአንዱን ገጸ ባሕርይ ንግግር ከሌላው ለመለየት ፍጥነት ብቻውን ይበቃል፤ አንዱ ከማሰቡ በፊት ይናገራል፤ ሌላው የተጠየቀውን በልቡ ደግሞ ሰምቶ ይመልሳል። ከአድማጩ ያለው ርቀትም ሌላው መለያ ነው፤ ጆሮ ሥር የሚናገር ሰውና ግቢ ተሻግሮ የሚጣራ ሰው በአንድ ድምፅ ቢነበቡ እንኳ አይምታቱም። የድምፅ ለውጥ የሚያስፈልጋቸው ቢበዛ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው። የእነርሱንም የመጀመሪያ ንግግር ለብቻ ቀርጸው ያስቀምጡና ከሳምንት በኋላ ወደዚያ ሰው ሲመለሱ አስቀድመው ይስሙት።

ለአማርኛ ተራኪ የተለየ ጥንቃቄ የሚሻ ነገርም አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «ይመታል» የሚለውን ቃል ሲያነቡ ሰውየው መቺ ይሁን ተመቺ የሚወስነው የእርስዎ ምላስ ነው፤ «አለ» የሚለውም እንደ አጠባበቁ «ተናገረ» ወይም «ይገኛል» ይሆናል። ስለዚህ ከመቅረጽዎ በፊት ምዕራፉን በሙሉ አንብበው አሻሚዎቹን ቃላት በእርሳስ ምልክት ያድርጉባቸው። በዐረፍተ ነገር መካከል ተሳስቶ መመለስ የትርጉም ጉዳት ብቻ አያደርስም፤ አድማጩ ገጸ ባሕርዩን ትቶ ተራኪውን መስማት ይጀምራል።

ጥያቄ፦ በምጽፈው ታሪክ ውስጥ አንዲት ባሏ የሞተባትን ሴት ከነልጆቿ ከቤቷ የሚያስወጣ የቤት ባለቤት አለ። ይህን ሰው ከልቤ እጠላዋለሁ። የሚናገረው ሁሉ የክፉ ሰው ንግግር ሆኖ ይወጣል፤ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ሕያዋን ሲሆኑ እሱ ብቻ ካርቶን ይመስላል። የማልቀበለውን ሰው ድምፅ እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ ጥላቻዎ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሰው እንዲወዱት አልጠይቅዎትም። አሁን ግን እየተናገረ ያለው እሱ ሳይሆን ስለ እሱ ያለዎት ፍርድ ነው። «ለእኔ ምን ቸገረኝ፣ መንገድ ላይ ውደቁ» የሚል ሰው በመጽሐፍ ውስጥ እንጂ በሕይወት ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ሰው ክፉ ሥራ ሲሠራ ለራሱ የነገረው ምክንያት አለው፤ ንግግሩም በዚያ ምክንያት ዙሪያ ይሽከረከራል። ምናልባት «እኔም እኮ ልጆች አሉኝ» ይላል። ምናልባት ከመጠን በላይ በትሕትና፣ «እንግዲህ እርስዎም ይረዱኛል» እያለ ይናገራል፤ ምክንያቱም ጨዋ ሰው ሆኖ መታየት ይፈልጋል። ምናልባትም ዓይኗን ላለማየት ስለ በሩ ማጠፊያ መበላሸት ያወራ ይሆናል። ሴትዮዋን ከስድብ ይልቅ ይህ ትሕትና የበለጠ ያቆስላታል፤ አንባቢውንም እንዲሁ።

አንድ የሥራ መንገድ ልጠቁምዎት፤ እኔ ራሴ በተቸገርኩ ቁጥር የምመለስበት ነው። የማስወጣቱን ትዕይንት ለጊዜው ይተዉትና በዚያው ምሽት ሰውየው ለሚስቱ የቀኑን ውሎ ሲነግራት የሚያሳይ ሁለት ገጽ ይጻፉ። ይህ ጽሑፍ በመጽሐፉ ውስጥ አይገባም፤ ማንም አያነበውም። የትኛውን ነገር ዘልሎ እንደሚነግራት፣ የትኛውን እንደሚያጋንን፣ ሚስቱ የትኛውን ጥያቄ ስትጠይቀው ወደ ሌላ ወሬ እንደሚሻገር ልብ ይበሉ። ልጆቹን በሚመለከት የሚዘለው ነገር ካለ፣ ጠዋት በበሩ ላይ ቆሞ ማየት ያልቻለው እሱን ነው። ከዚያ በኋላ ወደ መጀመሪያው ትዕይንት ይመለሱ። ከንግግሩ ውስጥ ምናልባት የሚለወጡት ሦስት ወይም አራት መስመሮች ብቻ ይሆናሉ። በመጀመሪያ የሚለወጠው ግን ልጅቱ ከበሩ ወጥታ «እማዬ፣ ማነው?» ብላ ስትጠይቅ የሚሰጠው መልስ ሳይሆን አይቀርም።